ያስታረቅኳቸው ሰዎች ምሳ

ዛሬ ሁለቱ ባለጉዳዮቼ ታረቁ። ለካ ሁለቱም የቁይ ከተማ ልጆች ናቸው፤ ቅዳሜ እዚያው ተገናኝተው ምሳ ሊበሉ ተቀጣጠሩ።

ሁሉም ሰው እየገባ በሚጽፍበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ጸሐፊዎች ሲጣሉ በፈቃደኝነት አስታርቃለሁ። እነዚህ ስለ ቁይ ገበያ አመሠራረት አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲሰርዝ ሦስት ሳምንት ከረሙ።

በየቀኑ እጽፍላቸው ነበር፤ ይመልሱልኝም ነበር። ሌላ የሚጽፍልኝ ሰው እንደሌለ ያወቅኩት ዛሬ ነው።

ለአከራዬ ለእትዬ ዘውዴ ነገርኳቸው።

«ታዲያ አስታራቂው ሳይጠራ የእርቅ ምሳ ይበላል እንዴ?» አሉኝ።

«የት ያውቁኛል ብለው ነው?» አልኳቸው። ከቁይ ብዙም በማይርቀው ደብረ ማርቆስ እንደምኖር እንኳ አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ የተጣሉበትን ገጽ ሦስቴ ከፍቼ አየሁት። ማንም ምንም አልሰረዘም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ከፋኝ።

እናንተስ፣ ሰው አስታርቃችሁ ብቻችሁን ቀርታችሁ ታውቃላችሁ?