የተቀያየሩት ሁለት ብልቃጦች

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም። እናንተ የማታውቁኝ ስሙኝ፤ ስትሰሙም አትዘኑልኝ።

በዩኒቨርሲቲ የባዮሜዲካል ሳይንስ አስተምራለሁ። ለዚህ ወንበር ያበቃኝ በሳንባ ነቀርሳ ላይ የሠራሁት ጥናት ነው። በቢቸና ዙሪያ ከሚያስሉ ሰዎች አክታ እየሰበሰብኩ፣ በየብልቃጡ ላይ ቁጥር እየጻፍኩ ሞጣ እወስድ ነበር። እዚያ በማይክሮስኮፕ የምትመረምረው ዘይነባ ነበረች፤ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ሥራዋን ሁለት ጊዜ ሳታይ የማታስረክብ።

አንድ ቀን መኪና እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ የሁለት ሰዎችን ቁጥር አቀያየርኩ። ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። አንዱ ብልቃጥ የአንድ የቅኔ መምህር ነበር። ውጤቱ ሲመጣ የኔታን ደህና ነዎት ብዬ ሸኘኋቸው፤ መርቀውኝ ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። ለእርሳቸው የሚገባውን መድኃኒት የሌላኛው ብልቃጥ ባለቤት፣ ጤነኛ ሴት፣ ዋጠችው። በሦስተኛው ወር የኔታ ደም እየተፉ መጡ፤ ብዙም ሳይሰነብቱ ዐረፉ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ዘይነባ መዝገቡን ስታገላብጥ ነገሩ ገብቷት ነበር። ከስብሰባው በፊት በረንዳ ላይ ጠብቃ፣ «ቁጥሩን የጻፍከው አንተ ነህ። ሰው ይሳሳታል፤ አንተው ንገራቸው፣ እኔ አላሳጣህም» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ገባሁና ተጠየቅሁ። «ያን ሰሞን ረመዳን ነበር፤ በባዶ ሆዷ ዓይኗ ይደክማል» አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ ብል እዋሻለሁ። ከበረንዳው እስከ በሩ ድረስ አስቤበታለሁ። ምን እንደሚያምኑ አውቅ ነበርና መረጥኩት። ብልቃጦቹ ተጥለዋል፤ የእኔ ቃል ከእርሷ ቃል በለጠ። እርሷ ከሥራ ተሰናበተች። እኔ ጥናቴን አስረክቤ ተመሰገንኩ፤ መምህር ሆንኩ።

ከዓመታት በኋላ ዘይነባ በእኛው ክፍል ለላቦራቶሪ ሥራ አመለከተች። እዚያ መኖሬን አላወቀች ይሆናል፤ አውቃም ይሆናል። ከመራጮቹ አንዱ ነበርኩ። ሰብሳቢው ታውቃታለህ ወይ ሲለኝ፣ «አብረን ሠርተናል» ብዬ አቀረቀርኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ ያ በቃ። ማመልከቻዋን ወደ ጎን አደረገው።

በኮሚቴው ፊት ፈርቼ ነው ልላችሁ እችላለሁ። በቅጥሩ ቀንስ ማን አስፈራራኝ? ማንም። ይቅር በሉኝ አልልም። ያን ቀን ያቀረቀርኩት በየቀኑ ፊቷን ማየት ስላልፈለግሁ ብቻ ነው።