ሐይቅ ያልኩት ውሃ

ባሕር የሚጀምረው የት ላይ ነው? ከተራራ የወረደ ወንዝ ፊዮርድ ወደሚሉት፣ በተራሮች መሐል ወደ ዘለቀ የባሕር ክንድ ሲገባ፣ የትኛው ጭልፋ ላይ ነው ወንዝነቱ አብቅቶ ባሕርነቱ የሚጀምረው? መጻሕፍት አገላብጫለሁ። ኦስሎ፣ ግሮሩድ በሚባለው ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የምትሠራውን ሴትዮም ጠይቄያለሁ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለችኝ። ኖርዌጆች «ጥሩ ጥያቄ ነው» ካሉ መልስ የለም ማለት ነው።

ጥያቄውን ያመጣብኝ ቡቢል ነው፤ አልጋና ምድጃ ውስጡ የተገጠመለት፣ ቤት ሆኖ የሚሄድ መኪና። ባለቤቴ ኦስሎ ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። ለእረፍቱ የተመኘው ደግሞ መንዳት ነበር፤ «ፌርማታ የሌለበት መንገድ» እያለ። ቡቢል ተከራየንና ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ወጣን። እሱ መሪውን ያዘ፣ እኔ ካርታውን።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ እዚሁ ኦስሎ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው እውቀቱን እንደ አዲስ ጫማ ይይዘዋል፤ ጭቃ አያስነካውም። ባለቤቴ «ሊቋ» ይለኛል። ግማሹ ፌዝ ነው፤ ግማሹ ግን እምነት ነው። «አንብባዋለች» ካለ ጉዳዩ ተዘጋ። እኔም ከዚያች ቃል የሚበልጥ ጌጥ የለኝም።

በሁለተኛው ቀን ተራራውን ጨርሰን አንድ ውሃ ዳር ወረድን። ሞገድ የለው፣ ሽታ የለው። የፖም ዛፎች እስከ ዳርቻው ወርደዋል፣ ላሞች አጠገቡ ይግጣሉ። ባለቤቴ ሞተሩን አጥፍቶ ውሃውን አየ። የወሎ ልጅ ነው፤ ያደገው ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ከሐይቁ ውሃ እየጠጣ።

«ይኼ ሐይቅ ነው ባሕር?»

የመንገድ ምልክቱ ላይ የቦታው ስም በ«ፊዮርድ» ያልቃል። ያልተማረ ሰው ቢሆን «ባሕር ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ግን አስተማሪያችን ያለችው ትዝ አለኝ፦ ፊዮርድ የተባለ ሁሉ ባሕር አይደለም፤ ከኦስሎ ወጣ ብሎ እንኳ ፊዮርድ የሚባል ሐይቅ አለ።

«ሐይቅ ነው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ስሙ እንዳያሳስትህ።»

የቡቢሉ ውሃ አልቆ ነበር። የአውቶቡስ ሹፌር መስታወት ላይ የሞተ ትንኝ ማየት አይችልም፤ ጠዋት የመጠጥ ውሃችንን እንዳለ መስታወት አጥቦበታል። ስለዚህ ጀሪካን ይዞ ወርዶ ከሐይቁ ቀዳ። እኔ ለጥንቃቄ ብዬ ሁለት ጊዜ አፈላሁትና ቡና ጣድኩበት።

አንድ ጊዜ ፉት አለና ስኒውን አስቀመጠ።

«አንቺ!»

«ምን ሆንክ?»

«ጨው አደረግሽበት!»

ወሎ ቡና በጨው ይጠጣል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ በስኳር ነው ያደግሁት። ሐኪሙ ደም ግፊት አለብህ ካለው ወዲህ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ጨውና ቡናውን አለያይቼ ኖሬያለሁ።

«አላህ ልብሽን አራራልኝ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «የእናቴን ቡና ነው ያጠጣሽኝ። ወላሂ፣ የእናቴን!»

የእኔን ቀመስኩ። አፌ ጨው በጨው ሆነ።

«ቆይ፣ መጠኑን እንዴት አወቅሽው?»

«በግምት» አልኩ። ሩዝ እንኳ በሚዛን የማበስል ሰው ነኝ።

ከጎናችን አንድ ኖርዌጃዊ ሽማግሌ በራሳቸው ቡቢል ደጃፍ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ስኒውን ወደ እሳቸው ከፍ አድርጎ በኖርዌጅኛ «ቆንጆ ሐይቅ ነው!» አላቸው። ሽማግሌው ውሃውን አዩ፤ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈውን የባሕር አረም አዩ፤ ባለቤቴን አዩ። «ያ…» አሉ አስረዝመው። አዎ ማለታቸው ነው። ከዚያ ተነሥተው ገቡና በሩን ዘጉ። ተከትያቸው ብገባ በወደድኩ።

«አየሽ?» አለኝ። «አገሬው ራሱ መሰከረ።»

ሦስት ቀን ያንኑ ውሃ ተከትለን ነዳን።

«ይኼ ሐይቅ አያልቅም እንዴ?»

«ረጅም ነው።»

በአራተኛው ቀን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የሚያህል መርከብ ከፊታችን አለፈ። ባለቤቴ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ይኼስ በየት ገባ?»

እኔ ካርታው ውስጥ ተደብቄ ነበር።

በመጨረሻ ማዶ የሌለው ውሃ ላይ ደረስን። ወርዶ ተንበረከከ፣ ጣቱን ነክሮ ላሰና ተፋ። «ባሕር ማለት ይኼ ነው! የኛ ሐይቅ ግን እንዴት ያለ ውሃ ነበር!» ያኔ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ነፋስ ገባበት፤ ዘጋሁት።

ቤት ከገባን በኋላ ጠዋት ጠዋት ቡናው ላይ ጨው መነስነስ ጀመረ። ስቆጣ፣ «በራስሽ እጅ የጀመርሽው አይደለም?» ይለኛል። ጨውን ለመከልከል ሐይቁ ባሕር መሆኑን ማመን ነበረብኝ፤ ይህን ካመንኩ ደግሞ «አንብባዋለች» የምትለዋ ቃል አብራ ትሄዳለች። እንዲህ እያልኩ ሰውዬውን በጨው አቆየሁት።

በመከር ወደ ሐኪሙ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ ክንዱን አስሮ ለካው፤ ፊቱን ቋጠረና ደግሞ ለካው።

«ጨው ትጠቀማለህ?»

«ባለቤቴ ፈቅዳልኛለች» አለ ባለቤቴ ኮራ ብሎ። «እሷ አንባቢ ናት።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ተጨማሪ መድኃኒት ሊያዝ እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ።

«አልፈቀድኩም» አልኩ በኖርዌጅኛ። «የፊዮርድ ውሃ ነበር።» ማምለጫ እንዳይኖረኝ በአማርኛ ደገምኩት፦ «ሐይቁ ባሕር ነበር። ጨው የሚባል አልነካሁም። በመጀመሪያው ፉት አውቄያለሁ።»

ሐኪሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ግን ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«መርከቡ!» አለ በስተመጨረሻ። «ለካ… አንቺ እኮ ያን ጊዜ ካርታውን ገልብጠሽ ነበር የያዝሽው!»

«ነበር።»

«ፈቃዱ የባሕር ከሆነማ ጨው ይቅር» አለና እጅጌውን መለሰ።

ወጥተን ፌርማታው ላይ ቆምን። የአውቶቡሱን የሰዓት ሰሌዳ ተመለከትኩና፣ «በአራት ደቂቃ ይመጣል» አልኩት።

በዓይኑ ጥግ አየኝ።

«አንብበሽ ነው፣ ወይስ ቀምሰሽ?»