ከካንሳስ ሲቲ እስከ ኦሮራ፦ የእህቴን ጧፍ ስጠረጥር

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከካንሳስ ሲቲ ተነስቼ ወደ ኮሎራዶ የነዳሁት ታላቅ እህቴ ትርሲት ሃሺሽ ውስጥ ገብታ እንደሆነ ለማጣራት ነው። ለባለቤቴ "ናፍቃኛለች፣ ልጠይቃት ነው" ብያታለሁ፤ ከአንባቢ ግን የምደብቀው የለኝም። ወሬውን ያመጣችው እህቴ ባለችበት በኦሮራ ከተማ የምትኖር የእናቴ ወዳጅ ናት። ትርሲት ለቤተ ክርስቲያን በምትሠራው ጧፍ ውስጥ ሃሺሽ ታስገባለች ተብሎ የደብሩ ሴቶች እየተንሾካሾኩ ነው አለቻት። እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ እህል በአፏ አልዞረም። "ሂድና በዓይንህ አይተህ ና" አለችኝ። "እኔ በስልክ ብጠይቃት ትስቅብኛለች እንጂ አትነግረኝም።"

ነገሩን ያከበደው ደግሞ መጪው እሑድ ነው። ትርሲት ሃምሳን አልፋለች፣ ልጅ አልወለደችም። ጎረቤቷ ሜሮን ሴት ልጅ ስትወልድ "የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ" ብላት ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ከእህቴ ጋር በስልክ ሌላ ጨዋታ አልነበረንም። የሕፃኗ ሰማንያ ቀን የሚሞላው እሑድ ነው። ወሬው እውነት ከሆነ ልጅቱን እንደማያስታቅፏት ግልጽ ነው፤ ውሸት ቢሆንም ሊከለክሏት ይችላሉ ብዬ ሰግቻለሁ።

ሰባ ቁጥር አውራ ጎዳና

ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ መታጠፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ከሳላይና በኋላ የደረሰ ስንዴ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ የከብት ሽታ፣ እንደገና ስንዴ ነው። ሄይስ ላይ ቆሜ በአርባ አንድ ዶላር ቤንዚን ሞላሁ። የሰኔ ጾም ስለሆነ ባለቤቴ የቋጠረችልኝን ዳቦና የድንች ወጥ መኪናው ላይ ተደግፌ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ የነበረው ከወዲያኛው መስመር ላይ ነው። ከኮሎራዶ የሚመጡትን መኪኖች ፖሊሶች አድብተው ይጠብቃሉ። አንዱን አሮጌ ቫን አስቁመው ዕቃውን በሙሉ ሣሩ ላይ ዘርግፈውት አየሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ሃሺሽ በሱቅ እንደ ሎሚ ይሸጣል፤ ካንሳስ ውስጥ ግን ያሳስራል። እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ያለ ማስጠንቀቂያ ለምርመራ ሽንት ስጥ እባላለሁ፤ አንድ ነገር ከተገኘብኝ እንጀራዬ ተዘጋ ማለት ነው። ገና ሳልደርስ የመልሱን መንገድ መፍራት ጀመርኩ።

ኦሮራ፣ ሐሙስ አመሻሽ

ሜዳው ሳያልቅ ኦሮራ ይጀምራል፤ ከኋላው ተራራው በረዶውን አናቱ ላይ እንደያዘ ይታያል። ትርሲት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ገና ከመኪናው ሳልወርድ "ጋራዥ እንዳትገባ፣ መንገድ ላይ ፓርክ አድርግ" አለችኝ። መኪና የማይገባበት ጋራዥ ምን ቢኖረው ነው አልኩ በሆዴ።

ምስርና ጎመን አቀረበችልኝ። ከእራት በኋላ ሻይ ቀዳችና ነጭ ነገር ጨመረችበት። ሁለት ጊዜ ፉት አልኩት፤ ይጣፍጣል። በጾም ወተት መጠጣቴ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

"የፍሬ ወተት ነው፣ የጾም ነው" አለች።

"የምን ፍሬ?"

"የሄምፕ።"

ሲኒውን አስቀመጥኩ። እሷ ሳቀችብኝና ማስረዳት ጀመረች። ሄምፕ የሃሺሽ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን የሚያሰክረው ነገር እሱ ውስጥ የለም በሚባል ደረጃ ያነሰ ነው። ፍሬውን እንደ ተልባ ቁጠረው፣ ይበላል፣ ዘይት ይጨመቅለታል አለችኝ። ከግንዱ ልጥ ገመድና ልብስ ይሠራል፤ ሕጉም ያውቀዋል። እኔ እየሰማኋት አልነበረም። ራሴ መዞር ይጀምር እንደሆነ እየጠበቅሁ ነበር። መኝታ ክፍል ገብቼ በመስታወት ዓይኔን አየሁ፣ ቀልቷል፤ ከሰዓቱን ሁሉ ፀሐይ ፊት ለፊት መንዳቴን ረስቼ ደነገጥኩ። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ራሴን ስጠብቅ ቆየሁ።

ጋራዡ

ዓርብ ጠዋት ትርሲት ሻወር ስትገባ ጋራዡን ከፈትኩ። ግድግዳው ላይ ቡናማ ክር በርዝመቱ ተሰቅሏል፤ ብረት ድስት ውስጥ የረጋ ሰም አለ፤ ማር ማር ይሸታል። ከጥግ የተደረደሩት ካርቶኖች ላይ ያ ጣታም የሃሺሽ ቅጠል ታትሟል፤ በየሱቁ ደጃፍ፣ በየወጣቱ ካናቴራ ላይ የምናውቀው። ዞር ስል ትርሲት ፎጣ ራሷ ላይ ጠምጥማ በሩ ላይ ቆማለች።

"እማዬ ልካህ ነው አይደል?" አለችኝ። አልካድኩም።

አልተቆጣችም፣ ያ ይበልጥ አሳፈረኝ። ክሩ ከምትሠራበት የሄምፕ ወርክሾፕ የሚጣል ቁርጥራጭ ነው። የጥጡ ክር ጥቅጥቅ ብሎ ስላልተገመደ ጧፉ ሲነድ ይንጠባጠብባት ነበር፤ ይሄ ግን ቀስ ብሎና ቀጥ ብሎ ይነዳል። ሴቶቹ "እንዴት እንዲህ አማረልሽ፣ የምን ክር ነው?" ሲሏት "ቃጫ ነው" አለቻቸው።

"ለምን ዋሸሻቸው?"

"ሄምፕ ብላቸው የሚሰሙት ሃሺሽ ነው። ቃጫ ያልኩት እንዲቀለኝ ነው" አለች።

አልቀለላትም። ሜሮን ታጣፊ ወንበር ልትዋስ መጥታ ካርቶኖቹን አየች። ቃጫ ነው ተብላ ቅጠሉን ያየች ሴት ምን ታስብ? እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማስበው። ነገሩ ንጹሕ ከሆነ ለምን ተደበቀ ያሰኛል፤ እህቴ ከሐሜት ልትሸሽ ስትል ለሐሜተኛው ማስረጃ ሰጥታው ቁጭ አለች።

ዴንቨር

ልቤ ስላልተረታ ወደ ሥራ ቦታሽ ውሰጂኝ አልኳት። በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ዴንቨር ነዳን። አረንጓዴ መስቀል የለጠፉትን የሃሺሽ ሱቆች ባለፍን ቁጥር የእህቴን ፊት በስርቆት አያለሁ፤ ከአንዱ ሻጭ ጋር ሰላምታ ትለዋወጥ ይሆናል ብዬ። እሷ የምታየው የትራፊክ መብራቱን ነው። ፓርክ ሂልን አልፈን ወደ ሰሜን፣ መጋዘኖቹ ወዳሉበት ሄድን።

የወርክሾፑ ባለቤት ፀጉሩ የነጣ አሜሪካዊ ገበሬ ነው። ያስጎበኘኝ ጀመር፦ ገመድ፣ ጆንያ፣ ለፈረስ በረት የሚነጠፍ የግንድ ስባሪ። ስባሪውን ከኖራ ጋር አቡክተው ለግድግዳ ጡብ ያደርጉታል። ጡቡን ሳነሳው ቀለለኝ፤ ጭድ የገባበት የእኛ አገር የጭቃ ግድግዳ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው አለኝ ሰውየው፣ ያሰክራል ወይ የሚል፤ ገመዱ ይጠነክራል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው ትዝ አይለውም። እኔ ግን ዓይኔ ከኋላ ያለው የተቆለፈ በር ላይ ነበር። ያንን ክፈት አልኩት። ከፈተው። ግንዱን የሚደቁስ ማሽን አለ፣ የቀረው አቧራ ነው፤ ስስል ትርሲት ጀርባዬን እየመታች ሳቀች። ያኔ አመንኳት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሀቫና ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት የጾም በያይነቱ በሃያ ሁለት ዶላር በላን። አጠገባችን የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ትርሲትን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እሷም አይታቸዋለች፤ መጉረሷን ቀጠለች። "ነገ ከቄሱ ዘንድ ራስሽ ሂጂ፣ ካርቶኑን ሳይቀር ይዘሽ" አልኳት።

ቅዳሜ፣ ከቀሲስ ፊት

ቀሲስን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወንበር እየደረደሩ አገኘናቸው። ትርሲት ካርቶኑን ቅጠሉ እንዲታይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ሰሙ የምንድን ነው?" አሏት።

"ንጹሕ የንብ ነው፣ አባቴ።"

"ክሩስ?"

"የሄምፕ ግንድ ነው። የሃሺሽ ዘመድ ነው፣ ግን አያሰክርም። ቃጫ ነው ብዬ የነገርኳቸው ዋሽቼ ነው፤ ይፍቱኝ።"

ቀሲስ ጧፉን አሸተቱት፣ ክሩን በጥፍራቸው ለያይተው አዩት፣ ከዚያ አበሩት። ሦስታችንም ሲነድ አየን። "ከእንግዲህ ነገሩን በስሙ ጥሪው" አሏት። "ጧፉ ይቅረብ፤ ለሴቶቹም እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።" ትርሲት መስቀል ተሳልማ ስትወጣ ፊቷ ፈክቶ ነበር። ያን ከሰዓት ቀሚሷን ተኮሰች፣ ለሕፃኗ የገዛችውን የብር መስቀል ደጋግማ አውጥታ አሳየችኝ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ለእናቴ ደወልኩና "ንጹሕ ናት" አልኳት።

እሑድ

ጥምቀቱ ማለዳ ነበር። ቀሲስ ቃላቸውን ጠብቀው አስቀድመው ለሴቶቹ ተናግረዋል፤ ሴቶቹ በእጃቸው የያዙት ጧፍም የትርሲት ነው። ሕፃኗ ከውኃው ስትወጣ እያለቀሰች ነበር። ትርሲት ነጭ ፎጣ ዘርግታ አንድ እርምጃ ወደፊት ስትል ሜሮን እጇን በቀስታ ክንዷ ላይ አሳረፈችና ዓይኗን ሳታነሳ ከቶርንተን ወደ መጣችው የባሏ እህት አመለከተች። ያቺም ተዘጋጅታ መጥታ ኖሮ በራሷ ፎጣ ተቀበለች። ትርሲት ፎጣዋን አጥፋ ብብቷ ውስጥ ያዘችና ከሌሎቹ ጋር እልል አለች።

ደሜ ፈላ። ከሥርዓቱ በኋላ ሜሮንን ፓርኪንግ ላይ አስቆምኳት። "ቀሲስ እያሉ ከልካይ አንቺ ማነሽ?" አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። "አምናታለሁ እኮ" አለችኝ። "ግን ልጄ ስታድግ ሰው የሚላትን አስቤ ነው።" መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ቤት ደርሰን መኪናውን ሳቆም ትርሲት "ጧፉን ተቀበሉኝ፣ እኔን ነው ያልተቀበሉኝ" አለች።

መልስ፣ ሰኞ

ስሰናበታት በጋዜጣ የተጠቀለለ ጧፍ ሰጠችኝ። "ለእማዬ ነው። ስትጸልይ ታብራልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለች። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ መሀል አስገባሁት።

ሊሞን የምትባለውን ከተማ እስካልፍ ሜሮንን በሆዴ ስሰድብ ነበር። ወደ ድንበሩ ስጠጋ ግን ያ ሣር ላይ የተዘረገፈው ቫን መጣብኝ። ፖሊሱ ጥቅሉን ሲፈታ፣ ሲያሸተው፣ እኔ በዚህ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጧፍ ምን እንደሆነ ሳስረዳው ታየኝ። ሕጉ ይፈቅዳል። ባለፈው ዓርብ በእጄ ዳስሼ፣ ቅዳሜ ሲነድ አይቼ አምኛለሁ። ከድንበሩ በፊት በርሊንግተን ላይ መኪና መቆሚያ ገባሁ፣ ጥቅሉን አወጣሁ፣ ግራና ቀኝ አይቼ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመርኩት። ካንሳስን ሙሉውን አቋርጬ ስሄድ አንድም ፖሊስ አላስቆመኝም።

እናቴ በር ላይ ተቀበለችኝ፤ የሆነውን ሁሉ ስነግራት ለትርሲት አለቀሰችላት። ስለ ጧፉ ግን ምንም አላልኳት። ወዲያው ትርሲት ደወለች፤ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። "እማዬ፣ ጧፉን አበራሽው?" አለች። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፣ ፊቴን አንብባ እንዳላመጣሁት ተረዳች። "አብርቼዋለሁ ልጄ፣ ብርሃኑ ደስ ይላል" አለቻት።

ስልኩ ሲዘጋ የት አደረስከው አለችኝ። ጣልኩት አልኳት። መቆጣቷን እየጠበቅሁ ነበር። "እንኳን ቤት አልገባ" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የሄምፕን ጥቅም ሄጄ አይቼ መጥቻለሁ፤ ገመዱንም ጡቡንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ስለ ሜሮን ግን ዳግመኛ አፌን አልከፍትም፤ እሷ ያደረገችውን እኔም አድርጌዋለሁ፣ እሷ ቢያንስ ትርሲት እያየች ነው ያደረገችው።

ትርሲት በሳምንቱ ደውላ ሌላ ጧፍ ልላክልሽ ወይ ብላ ጠየቀች። እናቴ "ገና አላለቀም" አለቻት።