ከጎረቤት አንድ ቱቦ ዝቅ

ሰፈርተኛው «ፍልፈል» ይለዋል። ቅጽል ስሙ አላስከፋውም፤ እንዲያውም ይኮራበታል። ሥራው የውሃ ጉድጓድ መቆፈር ነው፤ መሬቱን በስቶ ቱቦ በቱቦ ላይ እየቀጠለ ይወርዳል። ከሌላው ቆፋሪ የሚለየው በአንድ ቃሉ ነው፦ «ከጎረቤትህ አንድ ቱቦ ዝቅ አደርግልሃለሁ።»

ይህች ቃል ስንት በር አስከፈተችለት! ዳቦ ጋጋሪው ሲያስቆፍር የልብስ ሰፊው ጉድጓድ ደረቀ። ልብስ ሰፊው አንድ ቱቦ ዝቅ ሲያስደርግ ደግሞ ዳቦ ጋጋሪው ባዶ ባልዲውን አንጠልጥሎ ተመልሶ መጣ። ፍልፈል ሁለቱንም በፈገግታ ተቀበላቸው፤ ደንበኛን በደንበኛ ማስጠማት እንዴት ያለ በረከት ነው! እንዲህ እንዲህ እየተባለ ከሰፈሩ ግርጌ ያለው ምንጭ ነጠፈ፤ የመንገድ ዳር ዛፎች ከጫፋቸው ጀምረው ደረቁ፤ ወፎቹም ሳይሰናበቱ ሄዱ። የሰፈሩ ሹማምንት ነገሩን መርምረው ጥፋተኛውን አገኙት፤ ሰማዩ ነው አሉ። ለዚሁ በተጠራው ስብሰባ ላይ የታሸገ ውሃ እየተጎነጩ ዝናብን አወገዙ። ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣው ፍልፈል ነበር።

ሚስቱ ስብሰባ አትወድም። ከቤቱ ጀርባ የሎሚና የፓፓያ ችግኝ ታፈላለች። የዘንድሮዎቹ ጉልበቷ ድረስ አድገዋል፤ ክረምት ሲገባ ለገዢ ይደርሳሉ። እስከዚያ ግን በየማለዳው ካልጠጡ የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው። የሚጠጡትም ባሏ ሲጋቡ ከቆፈረላት ጉድጓድ ነው።

አንድ ቀን ከአጥሩ ወዲያ ያለው መኪና አጣቢ መጣ።

«ጎረቤት፣ ለኔም አንድ ጉድጓድ። ቃልህን ግን እንዳትረሳ!»

«ከጎረቤትህ አንድ ቱቦ ዝቅ! ምን ሆነህ ነው?»

ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነው። አጥሩን ተጠግቶ ከገዛ ጉድጓዱ አንድ ቱቦ ዝቅ አለ። ሥራው እንከን አልወጣለትም።

ሳምንት ሳይሞላ ሚስቱ ከጓሮ ተጣራች።

«ና እስቲ ስማው! ፓምፑ ነፋስ ነው የሚተፋው።»

«ተበላሽቶ ይሆናላ።»

«ፓምፑ ምን አደረገ? ከአጥሩ ወዲያ መኪና አረፋ ለብሶ ይታጠባል። ማነው የቆፈረለት?»

ፍልፈል ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኛ። ሌላ ቢቆፍርለት ደስ ይልሽ ነበር?»

«‹የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች› ሲሉ ሴት ብቻ ትመስለኝ ነበር!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አትነዝንዢኝ። ለኛ ሁለት ቱቦ ዝቅ እላለሁ።»

«እሱ ነገ ሦስት ቢልህስ?»

«ደንበኛ አይደል እንዴ!»

ቆፈረ። ውሃው ፏ ብሎ ሲወጣ ጎረቤት አጨበጨበ። ሚስቱ በእፍኟ ቀድታ ቀመሰችና እንትፍ አለችው።

«ጨው ነው።»

«ማዕድን ነው እንጂ! ሰው ለጤናው ስንት አገር ያቋርጥለታል።»

«እንግዲያው ለችግኞቹ ንገርልኝ።»

አላመነችውምና ሊያሳያት ሁለት መደብ ራሱ አጠጣ። በሦስተኛው ቀን ቅጠሎቹ ከጠርዛቸው ጀምሮ እሳት የላሳቸው መሰሉ። ሚስቱ የባሏን ቱቦዎች ከሥራ ጋሪው ላይ አንድ በአንድ አወረደችና የተረፉትን ችግኞች ደረደረችበት።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ወንዝ ዳር፣ እህቴ ጋ። እዚያ ገና ቆፋሪ አልደረሰም።»

«እኔስ?»

«አንተ ደንበኛ አለህ።»

እውነትም መኪና አጣቢው የደረቀ የውሃ ጎማውን እየጎተተ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ፍልፈል፣ ምን አደረግኸኝ? የኔም ነጠፈ! በል ቶሎ ዝቅ አድርግልኝ።»

ፍልፈል አፉን ከፈተ። ይኼኔ ሚስቱ የምትገፋው ጋሪ ከደጅ ያለው አቀበት ላይ ተንገዳገደ፤ አንድ የሎሚ ችግኝ ተንሸራትቶ ወደቀ። ሚስቱ ጋሪውን በደረቷ ደግፋ ቀረች፤ ወደፊትም ወደኋላም አልሆነላትም።

«ቆይ እስቲ» አለው ደንበኛውን። በዕድሜው ደንበኛ ሲያስቆይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሮጦ ችግኙን አነሳና ትከሻውን ለጋሪው ሰጠ።

ጥቂት እንደሄዱ፣ እያለከለከ፣ «እህትሽ ግን የራሷ ጉድጓድ አላት?» ሲል ጠየቃት።

«ዝም ብለህ ግፋ!» አለችው።