የዘመነች ፍሬን

ዘመነች የእንስሳት ሐኪም ናት። ከሶዶ እስከ ዲምቱ ድረስ በሞተር እየሄደች ከብት ስትከትብ ትውላለች። ሞተሩን በራሷ ደሞዝ የገዛችው ቢሆንም ሰው ሁሉ የባሏ አድርጎ ያየዋል፤ ያ ያንገበግባታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢዋ ውስጥ ራሷ ታጥበዋለች፣ የኋላ ጎማውን ሰንሰለት፣ ካቴናውንም፣ ራሷ ግራሶ ትቀባለች። ሌላ ሰው አታስነካም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሥራ ላይ ውላ ማታ ደክሟት ተኛች። ሞተር መንዳት የማይችለው ባሏ፣ መምህር ቲቶ፣ ሊያስደስታት ብሎ አጠበላት። እሁድ ቸርች ስትሄድበት እንዲያብረቀርቅም ከመቀመጫው እስከ ፍሬኑ ዲስክ በምግብ ዘይት ወለወለው።

እሁድ ጠዋት ቸርች በር ላይ ፍሬን ብትይዝ ሞተሩ አልቆም አለ። የቆመችው የብረት በሩን ገጭታ ነው። ጸሎት ላይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ዞሮ አያት።

ቤት እንደገባች የእሁድ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ዲስኩን በሳሙና መፈግፈግ ጀመረች።

«ፍሬን ዘይት ይቀባል? ሰላጣ መሰለህ?» ብላ ጮኸችበት። ቲቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

በአጥሩ በኩል ሲያልፉ የነበሩት የቸርቹ ሽማግሌ ጋሽ ሀብተየስ ቆም አሉ።

«ተባረኪ ልጄ! የባልሽን ሞተር ብትገጪበትም እንዲህ አጥበሽ መካስሽ ጥሩ ነው።»

«አሜን» አለ ቲቶ፣ እንደ ልማዱ።

ዘመነች ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ወርውራ ሞተሩን አስነሳች።

«ና ከኋላ ተፈናጠጥ!»

«ወዴት?»

«ወደ ቁልቁለቱ። ፍሬኑ መያዝ አለመያዙን አብረን እናያለን። አሜን የምትለው ያኔ ነው!»