አክስቴና መቶ እግሩ፣ በጨፋው ጥቁር ኮረብታ

ጥቅምት፣ ማለዳ፤ ከሚሴ

ጀንበር ሳትወጣ በባጃጅ ተነሳን። አብራኝ ያለችው አክስቴ ዘሃራ ናት። አምና እግሯ ተሰብሮ ከወጌሻ ቤት ወደ ክራንች፣ ከክራንች ወደ ምርኩዝ ስትሸጋገር ከርማለች። «ከእንግዲህ ዳገት የሚባል እርሺ» ያላላት ሰው የለም። እሷ ግን በልጅነቷ ከብት ያገደችበትን፣ ከጨፋ ረግረግ መሀል እንደ ደሴት ብቅ ያለውን ጥቁር ኮረብታ ካልወጣሁ ብላ ይዛኝ ወጣች።

ሾፌሩ በመስታወት አያትና፣ «እማማ፣ በምርኩዝ ነው ተራራ የሚወጡት?» አላት።

«አንተ መንገዱን እይ!»

ረፋድ፤ ጨፋ

ማሽላው አንገቱን ደፍቷል፤ ጤፉ ቢጫ ለብሷል። ከረግረጉ ዳር የሚያርሰው ሐሰን «አካም ቡልተን!» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ እያለ ተቀበለን። የማሽላ እሸት ጠብሶ፣ ትኩሱን በመዳፉ አሽቶ አቀረበልን። ከዚያ አክስቴን በበቅሎው ረግረጉን አሻገራት።

«ከዚህ ወዲያ ለበቅሎም አይሆን» አለ ከኮረብታው ግርጌ። «ድንጋዩ ስር መቶ እግር አለ። ሳታዩ እጃችሁን አትስደዱ።»

ቀትር ሲቃረብ፤ ዳገቱ ላይ

ድንጋዩ ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ጥቁር፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ። አጋማሹ ላይ አክስቴ እግሯን ዘርግታ አረፍ አለች።

ያኔ መቶ እግሩ ከስንጥቁ ወጣ። ከስንዝር ይረዝማል፤ ራሱ ቀይ፣ እግሮቹ ቢጫ። ቀጥ ብሎ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወጣ። ምርኩዟን አነሳሁ።

«ተው! እግሬን ልትሰብረው ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ቢስሚላህ» ብላ ትንፋሿን ዋጠች። መቶ እግሩ በጠባሳዋ ላይ እየተርመሰመሰ አልፎ፣ በወዲያ በኩል ወርዶ ድንጋይ ስር ገባ።

«በቃ፣ እንመለስ» አልኳት።

«ወዴት? እሱ መንገዱን ሄደ፤ እኛም መንገዳችንን እንሂድ።»

እየዳኸች ጭምር ወጣች። ከጫፉ ላይ የቦርከና ወንዝ በማሳው መሀል እየተጠማዘዘ ሲያበራ አየን። አክስቴ እንባዋ እየወረደ እልልታዋን አቀለጠችው። ከታች ሐሰን «አላሁ አክበር!» ብሎ መለሰላት።

አመሻሽ፤ ከሚሴ

እግሯ አብጦ ገባን። ጎረቤቷ ከደጃፍ ተቀብላ፣ «ይኸው! አመመሽ አይደል?» አለቻት።

«አዎ ያመኛል» አለች አክስቴ ቀና ብላ። «ግን ወጥቼ ነው ያመመኝ!»