ጋሽ ወልዱ ያጠፉልኝ እምምታ

ትናንት ጁባ፣ አማራት ሰፈር፣ አክስቴ ምግብ ቤት፣ አስተናጋጁ አዲስ ስፒከር ሲሰካ ከዘፈኑ በፊት እምምም የሚል ድምፅ መጣ። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። እኔ የያዝኩትን ትሪ አስቀምጬ ወጣሁ።

ልጅ ሆኜ ያ ድምፅ እናቴን ይሸፍንብኝ ነበር። እሷ አዲስ አበባ ቀርታ እኔ ከአክስቴ ጋር ጁባ ስመጣ፣ ድምፅዋን በካሴት እየቀዳች በመንገደኛ ትልክልኝ ነበር። ለቴፑ ባትሪ ድንጋይ የሚገዛልኝ የለም። በአዳፕተር የምግብ ቤቱ ጄኔሬተር ላይ ስሰካው ደግሞ እምምታው ቀጭን ድምፅዋን ይውጠዋል።

ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ ኮንቴይነር ውስጥ፣ ጋሽ ወልዱ ራዲዮ ይጠግኑ ነበር። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ይፋጃል፤ የቀለጠ የብየዳ እርሳስ ይሸታል። ብቻቸውን ይበላሉ፣ ለብቻቸው ያወራሉ። አዳፕተሩን ይዤላቸው ሄድኩ።

መጀመሪያ ትልቅ ኮንደንሰር ጨመሩበት። «ይሄ እንደ ውሃ በርሜል ነው ሚጣ፤ ቦቴው ሲቀር ካጠራቀመው ይሰጥሻል።» እምምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቀጥለው ቮልት የሚያስተካክል ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተር በየዱበት። ጥሩ ነበር፣ የአክስቴ ፍሪጅ ተነስቶ ጄኔሬተሩ እስኪደክም።

«ይቺ ሬጉሌተር ቅምጥል ናት፤ ትርፍ ቮልት ካላገኘች አትሠራም» አሉ።

«አልችልም አይሉም?» አልኩ።

«ቮልቱን ትተን ምላስሽን ብናለሰልስ ይቀለን ነበር።»

በመጨረሻ በተቃጠለ ትራንስፎርመር ብረት ላይ ሽቦ በእጃቸው ጠቀለሉ፤ በሁለት ኮንደንሰር መሃል አስገቡት። ሳጥኑ እንደ ብሎኬት ከበደ። ሰካነው። ጸጥ።

ካሴቱን ስከፍተው እናቴ እዚያው ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለች መሰለኝ። «ደህና ነኝ» አለች፤ ከዚያ ዝም። ድሮ እዚህ ጋ እምምታው ብቻ ነበር፤ የምትለውን እያሰበች ይመስለኝ ነበር። ለካ ታለቅስ ኖሯል። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። እንደገና «ደህና ነኝ» አለች።

«ይመልሱት» አልኩ።

«ምኑን?»

«እምምታውን።»

አልሳቁብኝም። «ሽቦውን ማውጣት ቀላል ነው። እሷ ግን ማልቀሷን አትተውም» አሉና በርጩማቸውን ሳቡልኝ። እሳቸው መሬት ተቀመጡ። ካሴቱ እስኪያልቅ አብረን ሰማን። ሲያልቅ ገልብጠው ሌላውን ገጽ ከፈቱልኝ።

በኋላ ኮንቴይነሩ ተዘጋ። ካምፓላ ሄዱ ያለ አለ፤ አገራቸው ገቡም ያለ አለ። ሳጥኑ አልጋዬ ሥር ነው፤ ካሴት የሚልክ ግን ቀርቷል። አሁን ከእናቴ ጋር በስልክ ነው የምናወራው። ደህና ነኝ ስትለኝ ቶሎ አልመልስላትም። ትንሽ ዝም ብዬ እሰማለሁ።